የዩኒቨርሲቲ ዝውውር ለምትጠብቁ ልጆች፦ ጠባሴ ያለችው ኮፒ ቤት እንዴት ናት

ሰላም ነው? ደብረ ብርሃን ላለን፣ ወይ ደሞ ከመሃል ሜዳ፣ ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት ለወረቀት ጉዳይ እዚህ ድረስ ለምትመጡ ልጆች ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው። ጠባሴ ውስጥ ከዋናው አስፋልት ገባ ብላ ያለች አንድ ኮፒ ቤት አለች። ታፔላዋ ላይ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ጽሕፈት፣ ላሚኔት ከሚለው ውጪ ስም የለም፣ ሰዉ ዝም ብሎ እትዬ ጋ ነው የሚላት። ለኮፒ ቤትም ሪቪው ይጻፋል እንዴ ካላችሁኝ፣ ዝውውር አመልክቶ ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ስሙ የተንጠለጠለ ሰው ይጽፋል።

እኔ ፍሬሽማን ሆኜ ሩቅ ነበር የደረሰኝ፣ በጤና ምክንያት መቀጠል አልቻልኩም (ዝርዝሩ ይቅር)፣ ዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጫ ፎርም) ሞልቼ ወጣሁና ለቤተሰቤ ወደሚቀርብ ግቢ ዝውውር ጠየቅኩ። የወጣሁበትንም የምጠብቀውንም ግቢ ስም አልጠራም፣ ጉዳዬ ገና አላለቀማ። መልሱ "ማስረጃሽ የተሟላ ነው፣ ቦታ ሲገኝ ትጠሪያለሽ" ነው። በቃ ይሄው። እሺም አይደለም፣ እምቢም አይደለም። እምቢ ቢሉኝ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር፣ እሺ ቢሉኝ ሻንጣዬን እይዝ ነበር፣ ተጠባባቂ ግን ምን ተብሎ ይለቀሳል?

ብዙ ልጅ የማይገባው ነገር ደሞ ዝርዝሩ እንደ ታክሲ ሰልፍ አለመሆኑ ነው። ፊትህ ያለው ሲገባ አንተ ትጠጋለህ ማለት አይደለም። የፈለግከው ዲፓርትመንት ላይ ወንበር ክፍት ሲሆን ነው፣ የምክንያትህ ክብደት ይታያል፣ የወሰድከው ኮርስ ይታያል፣ ስለዚህ ከኔ በኋላ ያመለከተ ልጅ ቀድሞኝ ሊጠራ ይችላል። ይሄን ያስረዱኝ ፋይሌን የያዙት ሰዎች አይደሉም፣ እትዬ ናቸው፣ ኮፒ ማሽን ላይ ቆመው።

እትዬ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት መንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነበር የሚሠሩት፣ ታይፒስትም ነበሩ፣ ስለዚህ አንድ ወረቀት ቢሮ ውስጥ ገብቶ የት የት እንደሚቀር ያውቁታል። የሕክምና ማስረጃዬን ስካን ያድርጉልኝ ብዬ ስሰጣቸው ወዲያው ማሽኑ ላይ አላስቀመጡትም። መነጽራቸውን አጠለቁ፣ ከላይ እስከ ታች አነበቡት፣ ከዛ "ትራንስክሪፕቱን አምጪ፣ የ12ኛውን ሰርተፍኬትም አምጪ" አሉኝና ሦስቱን ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ዘረጓቸው። በእስክርቢቶ ጀርባ የአባቴን ስም ፊደል በፊደል እየነኩ ሄዱ። እንግሊዝኛው ሰርተፍኬቱ ላይ በአንድ ኤስ ነው፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ ግን በሁለት ኤስ። "ይሄን ዝም ብለሽ ብታስገቢው የኔ ልጅ፣ ሁለት ሰው ነሽ ይሉሻል።" ከዛ ወደ ቀኑ ሄዱ። ሐኪሙ የጻፈው በኛ ዓ.ም. ነው፣ ፎርሙ ደሞ በእ.ኤ.አ. ነው የሚሞላው፣ በሁለቱ መሃል 7 ወይ 8 ዓመት ልዩነት ስላለ ቸኩሎ የሚያይ ሰው ጊዜው ያለፈበት ማስረጃ ነው ብሎ ሊያስቀምጠው ይችላል። ማመልከቻው ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን የሚገልጽ አንድ መስመር ጨመሩልኝ። ለዚህ የጠየቁኝ ተጨማሪ ሂሳብ የለም።

ስካን ሲያደርጉ ማየት ራሱ ደስ ይላል እውነት ለመናገር። መስታወቱን በጥጥና በአልኮል ይጠርጉታል፣ ወረቀቱን ጥግ ያስይዙታል፣ ማህተም ያለበትን ገጽ የግድ በከለር ነው የሚያነሱት፣ ምክንያቱም ጥቁርና ነጭ ከሆነ ወይን ጠጁ ማህተም ጠቁሮ ኮፒ ይመስላልና ኦሪጅናሉን አምጪ ተብሎ ይመለሳል። ሁሉንም አንድ ፒዲኤፍ አድርገው ሙሉ ስምና የመታወቂያ ቁጥር ይጽፉበታል። ሌላ ቦታ ስካን ስታስደርጉ ፋይሉ ስካን ዜሮ ዜሮ ምናምን ተብሎ ነው የሚሰጣችሁ፣ እሳቸው "ስም የሌለውን ፋይል ማን ብሎ ይከፍትልሻል?" ይላሉ።

አንድ ሌላ ምክር ሰጥተውኛል፣ ከኮፒው በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው። ደብዳቤ ይዘሽ ቢሮ ለቢሮ አትዙሪ፣ መጀመሪያ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጊ፣ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን በራስሽ ኮፒ ላይ አስጽፊ፣ ማህተም አስመቺበት። እኔ እንዳሉት አደረግኩ። ቆይቼ ልጠይቅ ስሄድ መስኮት ላይ ያለው ሰውዬ "በዚህ ስም ምንም የለም" አለኝ፣ ቁጥሩን ሳሳየው ዝም አለ፣ ተነሳ፣ ከሌላ ክላሰር ውስጥ ይዞት መጣ። ቁጥሩ ባይኖረኝ እንደ አዲስ አመልክቺ ነበር የምባለው።

አሁን ደሞ ወደ ደላሎቹ ልምጣ። ተጠባባቂ የሆነ ተማሪ ሁሉ የሚደርስበት ነገር ነው፣ ቴሌግራም ላይ "ውስጥ ሰው አለን፣ በሳምንት ውስጥ እናስጨርሳለን" የሚሉ አሉ፣ ፕሮፋይላቸው ላይ የዩኒቨርሲቲ ሎጎ ለጥፈው ማለት ነው። አንዳንድ ኮፒ ቤትም የእነሱን ቁጥር በጎን ይሰጣል፣ ማን ማን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። እትዬ ጋ ይሄ ነገር የለም። አንድ ቀን ከሸዋ ሮቢት የመጣ ልጅ፣ በቲሸርት ብቻ ሆኖ እየተንቀጠቀጠ (ከዛ ሙቀት ተነስተህ ጣርማበርን አቋርጠህ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ስትወጣ ጃኬት ይያዛል ወንድሜ)፣ የባንክ ደረሰኝ ስክሪንሹት ፕሪንት አድርጉልኝ ብሎ መጣ። እትዬ አዩትና "ይሄ ብር የገባው በመሥሪያ ቤት ስም ነው በሰው ስም?" አሉት። በሰው ስም ነው። "ለምን ብለህ?" ሲሉት ልጁ ተነፈሰ፣ ግማሹን ልኮ ግማሹን ሊልክ ነበር። ፕሪንት አላደረጉለትም። አልጮሁበትም፣ አልሰበኩትም፣ ምደባ የትምህርት ሚኒስቴር እንደሆነ፣ ዝውውር ደሞ በሁለቱ ግቢ ሬጅስትራሮች በኩል በደብዳቤ እንደሚያልቅ፣ የግለሰብ አካውንት እዚህ ውስጥ ምንም ቦታ እንደሌለው ነገሩትና ሻይ አስቀዱለት። የላከው ብር ያው ሄዷል፣ የቀረው ግን ኪሱ ውስጥ ቀረ።

ቤቷ ውስጥ ግድግዳውን ይዞ አንድ ረጅም አግዳሚ አለ፣ አጎዛ የተነጠፈበት፣ እሱ ላይ ነው ተጠባባቂው ሁሉ የሚቀመጠው። ካፌ አይደለም፣ ግን ከጎን ያለችው ሻይ የምታፈላ ልጅ ሻይና ቆሎ ታቀብላለች። ማንም ተነስ አይልህም። እዛ ቁጭ ብዬ ነው የማነበው፣ እና ይሄን የምለው ለጉራ አይደለም፣ ከ2012 ጀምሮ የፍሬሽማን ኮርስ በየግቢው አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው። ሎጂክ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የቀንዱ ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ፣ እዚህም ብትገባ እዛም ብትመለስ ሞጁሉ ያው ነው፣ ስለዚህ ስትጠብቅ ያነበብከው የትም ሂድ የትም ይዘኸው ትሄዳለህ። እትዬ ኮምፒውተር ላይ ሞጁሎቹ በፎልደር ተደርድረው አሉ፣ በሁለት ፊት ፕሪንት አድርገው በስፓይራል ያስሩላችኋል፣ ብር ካጠራችሁ ደሞ ባለፉት ዓመታት ልጆች የተዉትን ያውሳሉ። እኔ የተዋስኩት የሎጂክ ሞጁል ዳር ዳሩ ላይ የሆነ ልጅ "ይሄ ይመጣል" "ይሄ አይመጣም" እያለ ጽፎበታል፣ ማን እንደሆነ ባላውቅም ፈጣሪ ይስጠው።

ስለ አስር ሰዓቱ ዜና ደሞ ሳልናገር አላልፍም፣ ይሄን ሌላ የትም አታገኙትም። እዛ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራው የእትዬ የእህታቸው ልጅ የሁሉንም ግቢ የሬጅስትራር ቻናል ይከታተላል። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ላይ አግዳሚው ላይ ላለነው ልጆች ሁሉንም ከፍቶ ያያል፣ አዲስ ነገር ካለ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ከሌለ "የለም" ይላል። አለቀ። ደንቡ ከዛ በፊት ማንም ስልኩን ከፍቶ ሪፍሬሽ እንዳያደርግ ነው፣ እትዬ ካዩህ "አስር ሰዓት አልሆነም" ይላሉ፣ እንደ ትምህርት ቤት። መጀመሪያ ላይ ሳቅኩ። ግን ከዚህ በፊት እኔ ከእንቅልፌ ስነሳ ቴሌግራም፣ ቁርስ ላይ ቴሌግራም፣ ሽንት ቤት ቴሌግራም፣ ሌሊት ሰማኒያ ጊዜ ቴሌግራም ነበርኩ፣ ቢሮ በተዘጋበት ሰዓት እንኳን፣ ማን ሊፖስትልኝ እንደሆነ እንጃ። ጭንቀቱ አልጠፋም፣ ውሸት አልናገርም፣ ግን ቀኑን ሙሉ የነበረው አስር ሰዓት ላይ ተሰበሰበ። ዘጠኝ ተኩል አካባቢ ሆዴ ይገለባበጣል፣ አስር ከሩብ ላይ አልፎልኛል፣ እራቴን እበላለሁ።

ችግሩ የሚመጣው የሰው ስም የወጣ ቀን ነው። ከመሃል ሜዳ የመጣች ልጅ ነበረች፣ ከኔ ጋር ስንት ሞጁል የጨረስን። አንድ ቀን ልጁ ስሟን አነበበ። እሷ ወዲያው አልጮኸችም፣ መጀመሪያ ዞር ብላ የኛን ፊት ነው ያየችው። ከዛ ለሁላችንም ሻይ ይቀዳ አለች። አንዱ ልጅ ሻዩን ሳይነካ ደብተሩን ሰብስቦ ወጣ፣ ማንም አልፈረደበትም። እኔ ጠጣሁ፣ እንኳን ደስ ያለሽም አልኳት፣ ከልቤ ነው፣ ቅናትም ነበረኝ፣ ሁለቱም እኩል ነበሩ። እቤት ገብቼ ግን ቀስ ብዬ አለቀስኩ። እትዬ በነጋታው ስለዛ አላነሱም፣ "ዛሬ ጂኦግራፊውን ጨርሺ" ብቻ ነው ያሉት።

ይቺ ቤት የምትመቸኝ ሌላው ምክንያት ማንም "ምነው ተመለስሽ" ስለማይለኝ ነው። ተመልሶ እቤት የተቀመጠ ልጅ ያውቀዋል ይሄን። ሥላሴ ተሳልሜ ስወጣ፣ ሱቅ ስላክ፣ ለቅሶ ቤት እናቴን ተከትዬ ስሄድ፣ "አንቺ ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ አልነበር እንዴ?" ይላሉ እናቶች፣ ክፋት የለበትም፣ ግን ይወጋል። እናቴ "እረፍት ላይ ናት" ትላለች፣ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። አባቴ ደሞ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይለኛል፣ አባዬ እንቁላሉ ደከመው እኮ! ኮፒ ቤቷ ውስጥ ግን ሁሉም ያው ነው፣ ሁሉም የሆነ ወረቀት ይጠብቃል፣ ስለዚህ ጥያቄው "ዛሬስ?" ብቻ ነው።

እትዬ ተስፋ አይሸጡም ግን ተስፋም አያስቆርጡም። አንድ ቀን "ሁለተኛው ሐሳብሽ ምንድነው?" አሉኝ። ሁለተኛ ሐሳብ አልነበረኝም፣ ማሰቡ ራሱ መጥፎ ገድ መስሎኝ። ቁጭ አድርገው ለወጣሁበት ግቢ የሪአድሚሽን ማመልከቻ ጻፉልኝ፣ ቀኑን ባዶ ትተው። ዊዝድሮዋል በአግባቡ ሞልቶ የወጣ ሰው ተመልሶ ለመግባት ማመልከት ይችላል፣ ግን ሪአድሚሽን የራሱ ጊዜ አለው፣ አካዳሚክ ካላንደሩ ላይ ይወጣል፣ ዝውውሩን ስትጠብቅ እሱ ካለፈህ ሁለቱንም ታጣለህ። (ፎርም ሳትሞሉ ዝም ብላችሁ ከግቢ የወጣችሁ ልጆች ካላችሁ ደሞ እባካችሁ ዛሬውኑ ሬጅስትራር ሂዱና ጠይቁ፣ ያ ሌላ ጣጣ ነው።) ማመልከቻው አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው ያለው፣ ከወጪ መጋራት ውሉ ኮፒ ጋር። መጠቀም አልፈልግም። ግን ካለ በኋላ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር፣ ገድ ምናምን የሚባለው ነገርም አልመጣም።

ሌሊት ላይ ለሚመጣው ሐሳብ ግን ኮፒ ቤት አያግዝም፣ ይሄንን ማጋነን አልፈልግም። ለሱ ታላቅ እህቴና የንስሐ አባቴ አሉኝ፣ እናንተም የራሳችሁን ሰው ያዙ።

መጥፎ ጎኗን ልንገራችሁ። አንደኛ ብርድ ነው። በሩ ሁሌ ክፍት ነው፣ ንፋሱ ቀጥታ አግዳሚው ላይ ነው የሚገባው፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጭ በጣለበት ጠዋት ጣት አይታጠፍም፣ ሰው ጋቢውን ይዞ ነው የሚመጣው። መብራት ከጠፋ ጄነሬተር የላቸውም፣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው፣ ኔትወርክ ከሌለ ደሞ የአስር ሰዓቱ ዜና ይቀራል፣ ያን ቀን ሁሉም ሰው ይነጫነጫል፣ እትዬም ጭምር። ዋይፋይ የለም። ኮፒ ገጹ 5 ብር፣ ፕሪንት 10 ብር ነው፣ ከዚህ የሚረክስ መንገድ ዳር አለ፣ በቴሌብር ይቀበላሉ። ፍላሽ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ልጁ መጀመሪያ ስካን ያደርገዋል፣ ቫይረስ ካለው ፊት ለፊታችሁ ይመልሰዋል፣ እዛ ሁሉ ሰው ፊት ስለሆነ ትንሽ ያሳፍራል፣ ፋይላችሁን በቴሌግራም ላኩለት ይሻላል።

እትዬ ራሳቸውም ቀላል ሰው አይደሉም። ከቸኮላችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ፣ ምክንያቱም አንብበው ሳይጨርሱ ምንም ነገር አይጫኑም፣ ከኋላ ሰው ተሰልፎ እንኳን። አንድ ሰውዬ "እማማ እኔ ኮፒ ነው የጠየቅኩት ምክር አይደለም" ብሏቸው ነበር፣ "ታዲያ ኮፒውን ከምክር ለይቶ የሚሸጥ እታች አለልህ" አሉት። ሰውዬው ወረቀቱን ነጥቆ ወጣ። በነጋታው ተመልሶ መጣ፣ ምን ጎድሎበት እንደሆነ አልጠየቅኩም።

እሁድና በወር በወሩ በሰባት፣ በሥላሴ ቀን፣ ዝግ ነው። ለማስካን ወይ ለማጻፍ ከሆነ ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ ሂዱ፣ ከዘጠኝ በኋላ ከሄዳችሁ አግዳሚውም ይሞላል፣ የሰዉም ልብ ኮፒው ላይ አይደለም። ኦሪጅናላችሁን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሰርተፍኬቱንም፣ ትራንስክሪፕቱንም፣ መታወቂያውንም፣ በስልክ ያነሳችሁት ፎቶ አይቀበሉም።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። አንዷን የቀነስኩት በብርዱ አይደለም፣ ብርዱማ የከተማው ነው። የቀነስኩት በከለር ፕሪንተሩ ነው፣ ስካነሩ እንደዛ የሚጠረግ ሆኖ ፕሪንተሩን ማን እንደረሳው አላውቅም፣ ለፎርም የሚሆን ጉርድ ፎቶ እዛ እንዳታሳትሙ፣ ፊታችሁን አረንጓዴ አድርጎ ነው የሚያወጣው።